ሲደማ ይምጡ፦ ከበቆጂ ቦሌ ደርሼ የተመለስኩበት ጉዞ

ወፍጮ ቤቴ እህል ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ ተራው እስኪደርስ «አዲስ አበባ ምን አደረጉህ?» ይለኛል። በሞተሩ ጩኸት ላይ ስለ ሆዴ ጉዳይ መጮህ ሰለቸኝና ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ያንብብ። ማንበብ አልችልም የሚል ካለ እኔም ያለ አስተማሪ ነው ፊደል የቆጠርኩት፤ ይማር።

ከጉዞው በፊት የሆነውን ባጭሩ ላስረዳ። ለወራት ሰገራዬ አንዳንዴ እንደ ሬንጅ ይጠቁር፣ አንዳንዴ ደም የቀላቀለ ይሆን ነበር። ይመጣል፣ ይጠፋል። እኔም አንድ አሮጌ የጤና መጽሐፍ አገላብጬ ኪንታሮት ነው ብዬ ፈረድኩና ዝም አልኩ። በወፍጮ ቤቴ ግድግዳ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ በራሴ እጅ ጽፌ ሰቅያለሁ። ጽሑፉ ግን ለደንበኞች ነበር። አንድ ቀን ጆንያ ሳነሳ ዓይኔ ጨለመና ዱቄት ላይ ወደቅኩ። ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምረው ልጄ ትዕግሥት ደርሳ ስታየኝ የገረጣሁት ከዱቄቱ መስሏት ነበር። ፊቴን ካጠበችኝ በኋላም ያው ነበርኩ።

አሰላ ወስደውኝ ደም ሰጡኝ። በካሜራ ከላይም ከታችም አዩኝ፤ የሚደማ ነገር አላገኙም። ሐኪሙ፣ የሚደማው ካሜራው ሊደርስበት በማይችለው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም አለ። አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ በደም ሥር ውስጥ ገብተው የሚያዩ ሐኪሞች ስላሉ ወደዚያ ላከን።

ሰኞ

ማለዳ በሚኒባስ ተነሳን። ባለቤቴ የሺ ወፍጮውን ልትጠብቅ ቀረች። ለሚያሳድሩን ሰዎች በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ በጣሳ አዘጋጅታ፣ እኔ እንዳልነካው ለትዕግሥት አስረከበቻት። በቆጂ ብርድ ስለነበር በጋቢዬ ላይ ካፖርት ደርቤ ነበር። አዳማ ስንደርስ ሁለቱንም አውልቄ ጭኔ ላይ ብይዛቸው ሌላ ሰው ያቀፍኩ መሰልኩ።

ከአዳማ በኋላ የፍጥነት መንገዱ ላይ ወጣን። ላላያችሁት፣ በዚህ መንገድ ላይ አህያ የለም፣ ገበያተኛ የለም፣ መኪና ማቆምም የለም። እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ይህንንም መንገድ እስከ ግማሹ ድረስ ወደድኩት። ከግማሹ በኋላ ሆዴ ተንጎራጎረ፤ ማቆም በተከለከለበት መንገድ ላይ ሆዱ የተንጎራጎረበት ሰው ስለ ሥርዓት ያለው አስተያየት ይለወጣል።

ትዕግሥት ፊቴን አየችና «አባባ፣ መጣ?» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት በቁጣ፤ መኪናው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። ኋላ ሲታይ ነፋስ ብቻ ሆነ።

አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ።

«ከበቆጂ።»

«ይሮጣሉ?»

«ወፍጮ ነው ያለኝ።»

«ማለቴ፣ በልጅነትዎ ይሮጡ ነበር?»

አዲስ አበቤ የበቆጂ ሰው ሁሉ ከእናቱ ሆድ ሮጦ የወጣ ይመስለዋል። ይህን ጥያቄ እስክመለስ ድረስ ከዘበኛም ከነርስም ሰምቼዋለሁ። እኔ ለምንም ነገር ሮጬ አላውቅም። የሚሮጥ ሰው ማልዶ ያልተነሳ ሰው ነው፤ ልጆቼንም ያሳደግኩት ይህን እየነገርኩ ነው።

ቱሉ ዲምቱ ስንወርድ የባለቤቴ ታናሽ እህት የአልማዝ ባል፣ ግርማ፣ ታክሲ ይዞ ጠበቀን። ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የተባለውን ሁሉ «ልክ ነው» የሚል የዋህ ሰው። በጎሮ አድርገን ሲኤምሲ ገባን። እዚያ ቤቱ ሁሉ አጥሩ ረጅም ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚያውቀው በመኪናው ጥሩምባ ነው። እኛ ዘንድ አጥር የሚታጠረው ለበግ ነው።

አልማዝ እግሬን ካላጠብኩ ብላ ታገለችኝ። ራት አቀረበች፣ የራሷን መኝታ ለቀቀችልን። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ከአንድ ነገር በቀር። ሽንት ቤቱ ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ስለሆነ ሰው ወደዚያ ሲሄድ የጠፋ ፍየል የሚፈልግ መምሰል ይችላል። እዚህ ግን በሩ ሲዘጋ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማላመጡን ያቆማል። በዚያ ላይ አልማዝ ለጥሩ ሽታ ብላ ታንከሩ ውስጥ በጨመረችው ነገር ምክንያት ውሃው ሰማያዊ ነው። የሰገራውን ቀለም እይ ተብዬ የመጣሁ ሰው ሰማያዊ ውሃ ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ

በመገናኛ አድርገን ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ሕንጻው መስታወት ነው። ልንገባ ስንል አንድ የገረጣ ሽማግሌ ሊወጣ ሲመጣብኝ አየሁና መንገድ ለቀቅኩለት። እሱም ለቀቀልኝ። «እርስዎ ይቅደሙ» ልለው ስል ትዕግሥት እጄን ጎተተችኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ሄለን ትባላለች፤ ከልጄ ብዙ የምትበልጥ አይመስለኝም። የአሰላውን ወረቀት አንብባ ስትጨርስ ወደ ትዕግሥት ሳትዞር ለእኔ ለራሴ ነገረችኝ። ይህን ወደድኩላት።

«አቶ ዘለቀ፣ በብሽሽትዎ በኩል በጣም ቀጭን ቱቦ ደም ሥር ውስጥ እናስገባለን። በቱቦው አንጀት ወደሚመግበው ደም ሥር ደርሰን ቀለም እንረጫለን። የደም ሥሩ ቀዳዳ ካለው ቀለሙ ሲያፈስ በራጅ እናየዋለን። ከዚያ በዚያው ቱቦ ሄደን እንዘጋዋለን።»

«ሆዴ አይቀደድም?»

«አይቀደድም። ግን አንድ ነገር አለ። ደም በማይፈስበት ሰዓት ቀለሙም አይፈስም፤ ምንም አናይም። ስለዚህ ዛሬ በሲቲ ማሽን እናይዎታለን፤ ካልታየ ሲደማ ይምጡ።»

ሰው እንዳይደማ ወደ ሐኪም ይሄዳል። እኔ ደምቼ እንድመጣ ታዘዝኩ። ትንሽ ሳስበው ግን ገባኝ። የወፍጮዬ ሞተርም መካኒክ ሲመጣ ጤነኛ ይሆናል፤ መካኒኩ ሲሄድ ያስላል። ይህንኑ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«መካኒኩን አሳድረዋለሁ።»

«እኔ እርስዎ ቤት ማደር አልችልም። እርስዎ እዚህ ቅርብ ይደሩ። በቆጂ ሆነው በደንብ ከደሙ እዚህ እስኪደርሱ ላንደርስልዎት እንችላለን።» ቀጥላ «ይሮጣሉ እንዴ?» አለችኝ።

ሲቲው የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ክብ ማሽን ነው፤ በመካከሉ ሰው ያልፋል። በክንዴ ቀለም ሲሰጡኝ ከጉሮሮዬ ጀምሮ እስከ ታች አንድ ሙቀት ወረደ። ከታች ሲደርስ ምን እንደሆነ አወቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ በማላውቀው ሰው አልጋ ላይ! እኔ ግን እውነት የምደብቅ ሰው አይደለሁም።

«ልጄ፣» አልኩት ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ጎልማሳ፣ «ይቅር በለኝ፣ ሸንቻለሁ።»

«አልሸኑም አባት፤ ቀለሙ ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይመስለዋል።»

አላመንኩትም፤ ለይሉኝታ የሚለኝ መሰለኝ። ሲያወርዱኝ በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩ። ደረቅ ነበር። አንባቢዎቼ ከዚህ ተማሩ፦ ስሜት ይዋሻል፤ እጅ አይዋሽም።

ሲቲው ምንም አላሳየም። ትዕግሥት ልታጽናናኝ ሃያ ሁለት በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ አስገባችኝ። የሥራ ሰዓት ነው፤ ካፌው ግን ሙሉ ነው። በቆጂ በዚህ ሰዓት የተቀመጠ ሰው ካየን ታሟል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ለትዕግሥት ይህን ስነግራት «አባባ፣ እርስዎም እኮ ተቀምጠዋል» አለችኝ። እኔ ታምሜ ነው አልኳት። ሻይ ጠጥቼ ተነሳሁ።

ረቡዕ

ጥበቃ ተጀመረ። አልማዝ ሰማያዊውን ነገር ከታንከሩ አወጣችልኝ። ከዚያ ግን እኔ ከሽንት ቤት በወጣሁ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ፊት ፊቴን ያየኝ ጀመር። ግርማ ጋዜጣ የሚያነብ ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ከጋዜጣው በላይ ነው።

«እህ?» ይለኛል።

«የለም።»

«ልክ ነው» ይላል።

የሺ በስልክ፣ ትዕግሥት በበሩ በኩል፣ አልማዝ ከማድ ቤት፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። በሕይወቴ ይህን ያህል ሰው አንድ ነገር ከእኔ ጠብቆ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ጠያቂ መጣ። ከፊት ለፊቱ ግቢ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው አለ፤ የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፣ ፒካፕ መኪና አለው። ወተት ይዞ ገባና «አብሽሩ ጋሽ ዘለቀ፣ የመጣለት ሰዓት መኪናዬ በር ላይ ናት» አለኝ። በዚያች ከተማ መኪናውን ሳይጠየቅ የሰጠ ሰው እሱን ብቻ አየሁ።

አልማዝ ደግሞ ደም ይተካል ብላ ቀይ ሥር ቀቀለችልኝ። በምሳ በሰላጣ፣ በመክሰስ በጭማቂ፣ በራት ከድንች ጋር። እኔም ያ አሮጌ መጽሐፌ ስለ ቀይ ሥር የጻፈውን እየጠቀስኩ፣ ግርማንም እያስተማርኩ፣ የቀረበልኝን ሁሉ በላሁ። ይህን የምጽፈው በኋላ ጥፋቱ ሁሉ በአልማዝ ላይ ስለተላከከ ነው። ግማሹ የእኔ ነው።

ሐሙስ

በጠዋቱ ሽንት ቤት ገብቼ አየሁ። ቀይ ነው። ከጠበቅነውም የበለጠ ቀይ።

«ትዕግሥት» ብዬ ተጣራሁ። ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ቤቱ ተገለበጠ። ግርማ አንድ እግሩን በራሱ፣ አንዱን በአልማዝ ጫማ ከቶ ወጣ። ሰይድ ፒካፑን አስነስቶ ጠበቀን። ከሲኤምሲ እስከ ሆስፒታሉ አልማዝ ጸሎት ስታደርስ፣ ሰይድ «ያ ረቢ» ሲል፣ ትዕግሥት በስልክ «መጣ፣ መጥቷል፣ እየመጣን ነው» ስትል ደረስን። ዶክተር ሄለን በር ድረስ ወጥታ ተቀበለችን። ነርሶቹ ልብሴን ቀየሩልኝ፤ የደም ግፊቴን ለኩ፤ የልቤን ምት ለኩ። ዶክተሯ ሁለቱንም አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አቶ ዘለቀ፣ በጣም ደህና ነዎት» አለችኝ፣ ቅር እንዳላት ሁሉ። «ትናንት ምን በሉ?»

አልማዝ ቀድማኝ በኩራት ተናገረች። «ቀይ ሥር ነዋ። ሦስቴ ነው ያበላሁት።»

የሰገራ ምርመራ ታዘዘ። ደም የለውም፤ የነበረው ቀይ ሥር ነው።

«ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ አይፈሩ» አለች ዶክተሯ። «ቀይ ሥሩን ግን ይተዉት። ሲደማ ይምጡ።»

ስንመለስ መገናኛ ላይ ሰይድ ለብቻው ሳቅ ጀመረ። ሊያቆመው ሞከረ፤ ትከሻው ግን ይናወጥ ነበር። በመጨረሻ አልማዝም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደግነት ከዕውቀት ጋር ካልተጋባ ሰው እንደሚያስሮጥ ነገርኳቸው። ግርማ «ልክ ነው» አለ።

ቤት ስንደርስ የተረፈው ቀይ ሥር ይጣል ተባለ። ግርማ ግን ምግብ መጣል ኃጢአት ነው ብሎ ብቻውን ጨረሰው። ዓርብ ጠዋት ከሽንት ቤት ገርጥቶ የወጣው እሱ ነበር። እኛ ሁላችንም ምን እንደሆነ አውቀናል፤ ግርማ ብቻ ረስቶት ነበር።

ዓርብ

አልመጣም። የሺ ደውላ የወፍጮው ቀበቶ ተበጥሷል አለችኝ። እኔም እስከ እሑድ ካልመጣ እመለሳለሁ ብዬ ወሰንኩ። ትዕግሥት ተቃወመችኝ።

«ዶክተሯ የነገረችዎትን ረሱት? በቆጂ ሆነው ቢመጣስ?»

«ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ቤት ተቀምጬ የራሴን ደም አልጠብቅም።»

ወደ ጓሮ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ሽንኩርት ነው አለችኝ፤ እኔ ግን ሽንኩርት የሚከተፍበትን ቦታ አውቃለሁ።

አልማዝ ደግሞ በሌላ በኩል መጣችብኝ። ደሙ እንዲቆም ለሚካኤል ተስላ ኖሯል። አሁን ቆሟልና ስለቷን ቅዳሜ ልትከፍል፣ ዳቦ ልትደፋ፣ የማኅበር ጓደኞቿን ልትጠራ ነው።

«አልማዝ፣» አልኳት፣ «እኔ እንዲደማ ነው የምፈልገው።»

«ጋሼ፣ ታዲያ እግዚአብሔርን ይድማ ብዬ ልለምነው? በየትኛው አፌ?»

እውነቷን ነው። እኔም እንደዚህ ያለ ጸሎት በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ትዕግሥት «አንተ ታውቃለህ በይው፣ እትዬ» ብላ አስታረቀችን።

ቅዳሜ

ጓደኞቿ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ሰይድም እንደ ጎረቤት ተጠርቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ዳቦው ተቆረሰ። አንዲት ትልቅ ሴት ተነስተው፣ ይህን አባት ከደም መፍሰስ ያዳነ አምላክ ይመስገን ብለው ረጅም ምርቃት ጀመሩ። አልማዝ ደስታ ይዟት ታለቅሳለች። እኔም «አሜን» እያልኩ ነበር። ሦስተኛው አሜን ላይ ሆዴ ተገለበጠ።

ተነሳሁና ሮጥኩ። አዎን፣ እኔ ሮጥኩ። የምግብ ጠረጴዛውን ዞሬ፣ የአንዲቷን ሴት ነጠላ ረግጬ፣ በሩን ዘጋሁ።

አየሁ። ይህ ቀይ ሥር አልነበረም። ቀይ ሥር እንደዚህ አያልብም፣ ጉልበት አያንቀጠቅጥም። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ከበሩ ውጭ ማላመጡ ቆሟል፤ ምርቃቱም ቆሟል።

አሁን ያሰብኩትን በእውነት ልጻፍ። ዝም ልበል ብዬ አሰብኩ። ሐሙስ የተሳቀብኝን አስታወስኩ። ስለ መዳኔ የተቆረሰውን ዳቦ፣ የአልማዝን ዕንባ፣ ከነጠላ በላይ የሚያዩኝን ዓይኖች አሰብኩ። ነገ ሚኒባስ ተሳፍሬ እገባለሁ፤ ይህም እንደ ሌላው ጊዜ ይጠፋል። ያን የግድግዳ ጽሑፍ የጻፈው ሰው ይህን እያሰበ ቆሞ ነበር። ከዚያ ትዕግሥት በሩን በቀስታ አንኳኳች። «አባባ?» አለች፤ ድምፅዋ የሕፃን ነበር።

በሩን ከፈትኩና ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለጠረጴዛው ሁሉ ነገርኩ። «ደም ነው። ቀይ ሥር አልበላሁም።»

ትዕግሥት ገብታ አየች። ስትወጣ ዕንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። «እትዬ አልማዝ፣ ተመስገን፤ ደም ነው።»

አልማዝ ትንሽ ግራ ተጋባች። ማልቀስ ይሁን መደሰት ሳትወስን ቆየችና እልል አለች። ጓደኞቿም ያለማመንታት ተከተሏት። ብዙ ነገር በእልልታ ሲታጀብ አይቻለሁ፤ ሙሽራ፣ ታቦት፣ ልጅ ሲወለድ። የሰው ሰገራ በእልልታ ሲሸኝ ግን የእኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል። መራቂዋ ሴት «ያልኩት ያው ነው፣ ምስጋናው አይባክንም» ብለው ዳቦ በነጠላ ጠቅልለው ለትዕግሥት አስያዟት።

ሰይድ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ለካ ለዚህ ነበር፤ ፒካፑ ወዲያው ተነሳች። መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘጋጋ። ሁላችንም የፈራነው ሳንደርስ ደሙ እንዳይቆም ነው። ስለዚህ እንደ መብራት ይጠያየቁብኝ ጀመር።

«አለ?» ይላል ሰይድ።

«አለ» እላለሁ።

ትንሽ ቆይቶ «አሁንስ? አልሄደም?» ትላለች አልማዝ።

«አለ አልኳችሁ።»

ኋላ ላይ መመለሱ ከበደኝ። ብርድ ብርድ አለኝ፤ የሰዎቹ ድምፅ ከሩቅ ይመጣ ጀመር። ትዕግሥት እጄን ያዘች። ሰይድ አንገቱን አውጥቶ ለትራፊክ ፖሊሱ «ወንድሜ፣ አባት እየደሙብኝ ነው» አለው። ፖሊሱ አየኝ። ምንም ሳይጠይቅ አንዱን መስመር አስቁሞ አሳለፈን። ከየት እንደመጣሁ ያልጠየቀኝ ብቸኛው የአዲስ አበባ ሰው እሱ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ዶክተር ሄለን ግፊቴን አየች። በዚህ ጊዜ ስለ ምግብ አልጠየቀችኝም። ደም ሰቅለውልኝ በአልጋ እየገፉ ቱቦው ወደሚገባበት ክፍል አስገቡኝ። ክፍሉ እንደ በቆጂ ይበርዳል፤ እዚያች ከተማ እንደ አገሬ የሆነልኝ ቦታ እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ለጨረሩ ብለው ከባድ ልብስ ደርበዋል፣ እንደ ዘበኛ ካፖርት። ብሽሽቴን አደነዘዙት። ሲገፋ ይሰማኛል፤ ሕመም ግን የለውም። «አይንቀሳቀሱ፣ አይናገሩ፣ ትንፋሽ ያዙ ስል ይያዙ» አለችኝ። ለእኔ ከባዱ ሁለተኛው ነበር።

ቀለሙ ሲገባ ያ ሙቀት መጣ። በዚህ ጊዜ ምን እንደሆነ ስለማውቅ በኩራት ዝም አልኩ። ከጎኔ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ አንድ ዛፍ ታየ፤ ቅጠሉ የረገፈ፣ ቅርንጫፉ ብዙ። የእኔ ሆድ ነው። ሁለተኛ ረጩ። «ትንፋሽ ያዙ» አለች። ከአንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እርጥብ ወረቀት ላይ እንደ ወደቀ የቀለም ጠብታ ያለ ነገር ወጥቶ ተስፋፋ።

«እዚያ ነው» አለች ዶክተሯ፣ ቀስ ብላ።

ለወራት ሌባዬን ሳልይዘው ኖሬ እዚያ ተኝቼ አየሁት። ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ልሰድበው ፈለግሁ፤ መናገር ክልክል ነበር።

በመጀመሪያው ቱቦ ውስጥ ሌላ የባሰ ቀጭን ቱቦ አሳለፉ። በእሱ በኩል ከክር የቀጠነ ጥምዝምዝ ሽቦ ከደም ሥሩ ጫፍ አስቀመጡ። ደግመው ረጩ። ዛፉ መጣ፤ ጠብታው አልመጣም። ሦስተኛም ረጩ። አልመጣም።

«አለቀ» አለችኝ።

«መቼ ጀመራችሁና?»

«በደንብ ደምተው ባይመጡ አናገኘውም ነበር። ቶሎ ደረሱ፤ ከበቆጂ መሆንዎን አሁን አመንኩ።»

እሑድ

ቅዳሜን ቀጥ ብሎ የተኛ፣ ቀኝ እግሩን እንዳያጥፍ የታዘዘ ሰው ሆኜ ነው የጨረስኩት። እሑድ ደከመኝ እንጂ ደህና ነበርኩ። ሌላ ደም ሰጡኝ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ደም ነው፤ እሱም የማን ሆድ እንደገባ አያውቅም። ይህ ነገር ያለ መጽሐፍ ትምህርት ነው።

ሰይድ፣ ግርማና አልማዝ መጡ። ግርማ ዋናውን ጥያቄ አቀረበ።

«አልማዝ ስለቱ ግራ ገብቷታል። ሚካኤል የሰማት ደሙ ሲቆም ነው ወይስ ሲፈስ?»

«ሁለቱንም» አልኩት።

«ልክ ነው» አለ።

ሲወጡ ትዕግሥት ቀረች። የጭኮውን ጣሳ ይዛ ነበር፤ ለካ ለአልማዝ ስትሰጣት ጥቂት አስቀርታለች። ዶክተሯ ትንሽ ይቅመሱ ብላለች አለችና በማንኪያ አቀመሰችኝ። እኔ ልጄን በማንኪያ ያበላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ የሚያበላት እናቷ ነበረች።

«አባባ፣ መኪናው ውስጥ መልስ ሲያቆሙ ፈርቼ ነበር» አለችኝ።

«እኔም» አልኳት።

ሌላ ማንኪያ አቀመሰችኝ። ጭኮው ጥሩ ነበር።

ረቡዕ

ከሆስፒታል ስወጣ ዶክተሯ ለጉልበቴ ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ የምውጠውን የሕመም ማስታገሻ ከለከለችኝ፤ ደም መፍሰስ ያባብሳል። ሐኪም ያላዘዘውን የምትውጡ የበቆጂ ሰዎች፣ ስማችሁን አልጠራም፤ ታውቃላችሁ። የሰገራዎን ቀለም በየቀኑ ይዩ፣ ከጠቆረ ወይም ከቀላ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሰው ይናገሩ አለችኝ። እያየሁ ኖሬያለሁ፤ የጎደለኝ ሁለተኛው ነው።

ሰይድ ቱሉ ዲምቱ ድረስ አደረሰን። አልማዝ ለመንገድ ስንቅ ሰጠችን፤ ከፍቼ አየሁ፣ ቀይ ሥር የለበትም። በፍጥነት መንገዱ ላይ ሆዴ አልተንጎራጎረም፤ እኔም ስለ ሥርዓት ያለኝ አስተያየት ወደ ቦታው ተመለሰ። በቆጂ ስንገባ ዝናብ ነበር። የሺ ከወፍጮው በር ወጥታ ቀበቶው ተሠርቷል አለችኝ፤ ከዚያ ፊቴን አየችና ወደ ውስጥ ገብታ ትንሽ ቆየች።

በማግስቱ ጠዋት ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሄድኩ። ስመለስ ትዕግሥት ጓሮ ቆማ ልብስ ታሰጣለች። ልብሱ ቀድሞ የደረቀ ነው። የሺ ደግሞ ደጃፉን ትጠርጋለች፤ የተጠረገ ደጃፍ። ሁለቱም ቀና አላሉም። እኔ በዚህ ግቢ ስኖር ከዚያ ቦታ ተመልሼ ለማንም ወሬ ነግሬ አላውቅም።

ቆምኩና «ንጹሕ ነው» አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ፣ የማላያት ጎረቤቴ «እሰይ፣ ተመስገን» አለች።